የልብስ ሰፊው ስድስት ጥይቶች

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ዘርጋው ይባላል። እጁ ፈጣን ነው፤ ምላሱ ግን ከእጁ ይቀድማል። ሱሪ ሊያሳጥር ወደ ሱቁ የገባ ሰው የሁለት ሠርግና የሦስት ፍቺ ታሪክ ሰምቶ ይወጣል፤ አንዳንዱማ ሱሪውን ረስቶት ይሄዳል። ሲወቅሱት "መርፌዬ ያለ ወሬ አይሄድልኝም፤ ምን ላድርግ?" ይላል። ቁመቱ አጭር፣ ሆዱ ክብ፣ ሣቁ ሦስተኛው ቤት ድረስ የሚሰማ፣ ሲያዩት ደስ የሚል ሰው ነበር።

የሚኖርባት ከተማ ትንሽ ናት፤ ግን የራሷ አመል አላት። የሌላ አገር ሰው ሥራ ሲፈታ ገበጣ ይጫወታል፤ የባሰበትም ጎረቤቱን ያማል። የዚያች ከተማ ሰው ሥራ ሲፈታ ጥይት ይሞላል። ለጦርነት እንዳይመስላችሁ! ጦርነቱ ካለቀ ስንት ዘመኑ! የቀረው በየግድግዳው የተሰቀለ የአያት ጠመንጃና በየጓሮው የተበተነ ባዶ ቀለህ ነው። ሰዉ ቀለሁን ለቅሞ ያጥባል፣ ያቃናል፤ እርሳስ አቅልጦ አረሩን ያወጣል፤ ባሩድ ሰፍሮ እንደገና ይሞላዋል። በዓመት አንድ ቀን፣ መኸር ከገባ በኋላ፣ ከከተማው በታች ባለው ገደል ሥር ቅል ይሰቅሉና ኢላማ ይተኩሳሉ። ያ ሁሉ ጥይት ከቅል በቀር ጠላት የለውም።

ነገሩን የጀመሩት እማማ ውዳለት ናቸው። ባላቸው የታወቁ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ፣ እማማ ውዳለት "እጄ ሥራ ሲፈታ ሐዘኔ ይበረታብኛል" ብለው የባላቸውን የሥራ ቤት እንደገና ከፈቱ። ሰው አንድ ሁለት እያለ መጣ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከኮረዳ እስከ ሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ድረስ ሁሉም ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ መዋል ጀመረ። ስሙንም "የቀለህ ማኅበር" አሉት። ከዚያ በኋላ ከተማው ውስጥ እርሳስ የሚባል ነገር ጠፋ። የቅቤ ነጋዴው ጓንጉል አንድ ቀን የሚዛኑን የእርሳስ ድንጋዮች ቢፈልግ፣ ቢፈልግ አጣቸው፤ ለካ ሚስቱ አቅልጣ አረር አድርጋቸዋለች! ተናዶ፣ ጉድ ሊያፈላ ወደ ሥራ ቤቱ ሄደ። ሲመለስ አባል ሆኖ ነው የተመለሰው።

መሪጌታ ጥላዬም አሉ። በመጀመሪያው ቀናቸው እርሳሱ ድስት ውስጥ ቀልጦ ሲንተከተክ አዩና "ሥራ ያለ ቡራኬ እንዴት ይሆናል?" ብለው ከኪሳቸው የጸበል ጠርሙስ አወጡ። ጠብ ቢያደርጉበት እርሳሱ እንደ ፌንጣ ዘሎ ጥምጥማቸውን ሦስት ቦታ በሳው። ደግነቱ ዓይናቸውን አልነካም። መሪጌታ ገና ከድንጋጤያቸው ሳይመለሱ፣ እማማ ውዳለት፣

"መሪጌታ፣ የቀለጠ እርሳስ ውሃ አይወድም፤ የተባረከም ቢሆን!" አሏቸው።

ጥምጥሙን የጠቀመው ዘርጋው ነው። ወሬውንም ከተማው ውስጥ ቤት ለቤት ያዳረሰው ያው ዘርጋው ነው።

ማኅበሩ ጥብቅ ደንብ ነበረው። በባሩድ ገበታ ላይ ወሬ የለም። ባሩድ የሚሰፍር ሰው እናቱ ብትጠራውም አቤት አይልም፤ ምክንያቱም አንዱን ቀለህ ሁለቴ ሰፍሮ ያለፈ እንደሆነ ጠመንጃው በተኳሹ ፊት ላይ ይፈነዳል። እርሳስ ማቅለጡ የሣቅና የጨዋታ ሥራ ነው፤ ባሩዱ ጋ ሲደርሱ ግን ቤቱ እንደ ቅዳሴ ሰዓት ጸጥ ይላል። ሌላው ደንብ ደግሞ ማንም ሰው የራሱን ጥይት አይተኩስም። በኢላማው ቀን ዕጣ ይወጣል፤ የአንተን ጥይት ጎረቤትህ ይተኩሰዋል፣ አንተም የሌላውን። እማማ ውዳለት ይህን ያወጡት "ሰው ለራሱ ሲሠራ ይቸኩላል፤ ለሰው ሲሠራ ያፍራል" ብለው ነው።

ሽልማቱም እንደዚሁ ለሁለት ነው። ብዙ ቅል የሰበረው ተኳሽ ሙክት ይወስዳል። ትልቁ ክብር ግን ለሠሪው ነው። ጥይቶቹ ብዙ ቅል የሰበሩለት ሰው በአደባባይ ጥቁር ካባ ይለብሳል፤ ዓመቱን ሙሉም በማኅበሩ የላይኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ካባውን የሚሰፋው ዘርጋው ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሰፋ። አሥራ አንድ ዓመት በሰው ትከሻ ላይ አየው። እያጨበጨበ፣ እየሣቀ፣ በሆዱ ግን "እኔስ መቼ ይሆን?" እያለ።

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት የዘርጋው እጅ አማረ። አረሩ ያለ እንከን ወጣለት፤ እማማ ውዳለት ራሳቸው አገላብጠው አይተው "ዘንድሮስ ሰው ሆነሃል" አሉት። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ዘርጋው ታዲያ በደስታ ሰከረ። ካባውን ሲቆርጥ በሩን ዘግቶ፣ ሜትሩን በገዛ ሆዱ ላይ አዞረው። አጭርና ሰፊ ካባ ሆነ።

የኢላማው ቀን ቅዳሜ ነው። ረቡዕ ዕለት እማማ ውዳለት ለእያንዳንዱ አባል ለስድስት ጥይት የሚበቃ ባሩድ በቆዳ ከረጢት ሰፍረው፣ እንደ ደግ ነጋዴ ትንሽ ምርቃት ጨምረው ሰጡ። ሐሙስ ሁሉም በየቤቱ ሞልቶ ያመጣል፤ እሳቸው በሰም ያትሙታል። ባሩድ እንደ ልብ አይገኝምና፣ ከዚያ በኋላ ያበላሸ ሰው እስከ ከርሞ ነው የሚጠብቀው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዘርጋው በልብስ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ስድስቱን ቀለሆች ደረደረ። አንደኛውን ሰፈረ፣ ሁለተኛውን ሰፈረ። ትንሿን የቀንድ መስፈሪያ ይዞ ወደ ሦስተኛው ሲሄድ፣ በአጥሩ በኩል የጓንጉል ድምፅ መጣ።

ስለ ጓንጉል አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጓንጉል አንድ ዓይና ነው። በልጅነቱ የበሬ ቀንድ የግራ ዓይኑን አጠፋበት። ከማኅበሩ ተኳሾች ግን የሚወዳደረው የለም። "እናንተ አንዱን ዓይን ለመጨፈን ትቸገራላችሁ፤ እኔ ፈጣሪ ጨፍኖልኛል" እያለ ይቀልዳል። ከዘርጋው ጋር ሠላሳ ዓመት አጥር ለአጥር ሲነታረኩ ኖረዋል። አንዱ ለአንድ ቀን ከቤቱ ቢጠፋ ሌላው ምሳ አይበላለትም።

"አንተ ዘርጋው!" አለ ጓንጉል በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ። "በመስኮትህ የተሰቀለውን ካባ አየሁት። ለማን ነው የለካኸው? ለበርሜል ነው እንዴ?"

ይህን ሰምቶ ዝም የሚል ዘርጋው ከየት ይምጣ? ደንቡ ከራሱ ላይ በረረ። መስፈሪያዋን እንደያዘ ወደ መስኮቱ ሄደ።

"በአንድ ዓይንህ ግማሹን ነው ያየኸው! ሙሉውን ቅዳሜ ታየዋለህ!"

"ቅዳሜ ካባውን የምለብሰው እኔ ነኝ!"

"አንተ? አንተን የሚያለብስህ ቅቤህ ነው! ሰው ሁሉ በቅቤ ሽታህ ነው የሚያውቅህ!"

እንዲህ እየተባባሉ ሆዳቸውን ይዘው ሣቁ። ጓንጉል ወደ ቤቱ ገባ። ዘርጋውም ዓይኑን እየጠራረገ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰና ሥራውን ቀጠለ። አረሮቹን ገጠመ፣ አጠበቀ፤ ስድስቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ለእማማ ውዳለት አስረከበ። ያን ዕለት በደስታ ተኛ።

ዓርብ ጧት አንድ ደንበኛ ኮት ሊያስለካ መጣ። ዘርጋውም እንደ ልማዱ የትናንቱን ወሬ ያወርድለት ጀመር። "እንዲህ አለኝ፤ እንዲህ አልኩት፤ ደግሞ እንዲህ አልኩት። ስሥቅ ስሥቅ፣ መስፈሪያዬን ይዤ ወደ ጠረጴዛው ተመለስኩና…" አለና ቀጥ አለ።

ከዚያስ?

መስፈሪያዋ ባዶ ነበረች ወይስ ሙሉ? ሦስተኛው ላይ አፍስሶ ነበር ወደ መስኮቱ የሄደው፣ ወይስ ሳያፈስ? ሲመለስ ሰፍሮ እንደ ጨመረ ያስታውሳል። የቱ ላይ? ደንበኛው እጁን እንደ ዘረጋ ቆሟል፤ ዘርጋው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ወደ ጓዳ ሮጠ። የቆዳ ከረጢቱን ገለበጠው። ከሥሩ ቁንጥር የምታህል ባሩድ ወደቀች። ምርቃቱ ይቺ ብቻ ነበረች? ወይስ ከዚህ የሚበልጠው በአንዱ ጥይት ውስጥ ገብቷል? ምርቃት ደግሞ አይለካም፤ እንደ ሰጪው እጅ ነው። ዘርጋው ቁንጥሯን በመዳፉ ይዞ ቆመ።

"ሂድ ንገር" አለው ልቡ። ተነሥቶ ሄደም። እማማ ውዳለት ሰሙን እያቀለጡ የጥይቶቹን አንገት ያትሙ ነበር። የሱ ስድስቱ ታትመው አልቀዋል፤ በመደዳ ቆመው ሲያያቸው የሚያምሩ፣ የሚያብረቀርቁ ናቸው። አሥራ ሁለት ዓመት!

"ምነው፣ በደህና ነው?" አሉት።

"ደህና ነኝ እማማ። እንዲያው… ሰላም ልልዎት ነው።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

ወጥቶ ሄደ። እማማ ውዳለት ወደ በሩ እያዩ ቀሩ። ዘርጋው መጥቶ አሥር ቃል እንኳ ሳይሞላ ሲሄድ አይተው አያውቁም።

በቤቱም ጸጥታው አስደነገጠ። ሚስቱ አንጓች ምሳ አቅርባ ብትጠብቅ፣ ብትጠብቅ ወሬ የለም። ግንባሩን ዳሰሰችው።

"ትኩሳት የለህም። አፍህን ሰፋኸው እንዴ?" አለችው።

"ደክሞኝ ነው።"

ከራሱ ጋር ግን ሲሟገት ዋለ። "ከስድስት አንዱ ነው፤ እሱም ምናልባት። ደግሞ ሰፍሬው ይሆናል፤ እጄ እኮ ሥራውን ያውቃል" ይላል። ቀጥሎ ዕጣው ለማን ቢወጣ እንደሚሻል ያስብ ጀመር። ለመሪጌታ? ሰባት ልጆች አሏቸው። ለወፍጮ ቤቱ ልጅ ለማንጠግቦሽ? ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ለሰማንያ ዓመቱ ሽማግሌ? ሽማግሌም ፊት አለው። ማኅበርተኛውን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ "ለሱስ ይሁን" የሚለው ሰው አጣ። "ለጓንጉል ቢወጣስ?" አለና ሣቅ መጣለት። ከዚያ ሣቁ አፉ ላይ ደረቀ። ጓንጉል ያለችው አንዲት ዓይን ናት፤ ሲያነጣጥር ከጠመንጃው ጋር የሚያጋጥማትም እሷኑ ነው።

ቅዳሜ ሰማዩ ጠርቶ ዋለ። ገደሉ ሥር ቅሎቹ ተሰቀሉ፤ ሕፃናቱ ከገመዱ ኋላ ተደረጉ፤ ቆሎው ዞረ፣ ጠላው ተቀዳ። እማማ ውዳለት ዕጣውን በሰፌድ አድርገው አዞሩ። መሪጌታ የማንጠግቦሽን ጥይት አወጡ። ሌላውም የየድርሻውን አነሣ። ጓንጉል እጁን ሰድዶ አወጣና ምልክቱን አየ፤ ቀይ ክር ነው። ዘርጋው የጥይቶቹን ሥር በቀይ ክር ነበር የሚያስረው።

"በሉ እንግዲህ!" አለ ጓንጉል እየሣቀ። "ሠላሳ ዓመት የሰደበኝን ሰው ካባ ላለብሰው ተፈረደብኝ!"

ሕዝቡ አውካካ።

ተኩሱ ተጀመረ። አንዱ ሦስት ቅል ሰበረ፣ ሌላው ሁለት። መሪጌታ በማንጠግቦሽ ጥይት አምስት ሰብረው ገደሉ እልልታውን አስተጋባው። ማንጠግቦሽ ጣራ ልትነካ ምንም ያልቀራት ረዥም ልጅ ናት፤ በደስታ ስትዘል ከሁሉ በላይ ትታያለች። አሁን የቀረው ጓንጉል ብቻ ነው። ጓንጉል ደግሞ ከስድስት ስድስት መስበር ልማዱ ነው። ካባው በዘርጋው ትከሻ ላይ ሊያርፍ የቀረው ስድስት ተኩስ ነበር። ሰው ሁሉ ከወዲሁ ትከሻውን መታ መታ ያደርገው ጀመር።

ጓንጉል በሆዱ ተኛ። ጠመንጃውን ጉንጩ ላይ አስጠግቶ፣ ያችን አንዲት ዓይኑን አጥብቦ ቃታውን ሳበ። ጧ! ቅሉ ተበተነ። "እሰይ! እሰይ!" አለ ሕዝቡ። ሰው ሁሉ ቅሉን ሲያይ ዘርጋው የጓንጉልን ዓይን ነበር የሚያየው። ዓይኗ ደህና ናት፤ ብልጭ ብልጭ ትላለች። ጓንጉል ጠመንጃውን ሁለተኛ ጥይት አጎረሠው።

"ቁም!" ብሎ ጮኸ ዘርጋው። "ጓንጉል፣ በእናትህ ቁም! ጣትህን ከቃታው ላይ አንሣ!"

ሁሉም ዞረ። ጓንጉል ቀስ ብሎ ተነሥቶ ተቀመጠ።

"ምን ሆነሃል አንተ ሰው?"

"ጥይቶቹን አላምናቸውም።"

"የሠራሃቸው አንተ! አንተ ካላመንካቸው እኔ ምን ቤት ነኝ?"

"አንዱን ሁለቴ ሰፍሬው ይሆናል። የቱን እንደሆነ አላውቅም። ጭራሽ አልሰፈርኩትም ይሆናል፤ እሱንም አላውቅም። ሐሙስ በአጥሩ ላይ ስትጠራኝ መስፈሪያውን ይዤ ነበር…"

"አሁን ደግሞ ጥፋቱ የኔ ሊሆን ነው!" አለ ጓንጉል፤ ሰዉም ሣቀ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ ዘርጋው። "የደንቡን ቃል አፍርሼ ያወራሁት እኔ ነኝ። ይህንንም ከትናንት ጧት ጀምሮ አውቃለሁ።"

ሣቁ ቀጥ አለ። ጓንጉል እጁን ሰደድ አድርጎ ከደህናዋ ዓይኑ በታች ዳበስ አደረገ።

"ከትናንት ጧት? የመጀመሪያውንም እያወቅህ ዝም ብለህ አስተኮስከኝ?"

"አዎ።"

ጓንጉል ጠመንጃውን አራግፎ መሬት ላይ አኖረና ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ዘርጋው እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

እማማ ውዳለት በምርኩዛቸው እየተራመዱ መጡ። አምስቱን ጥይቶች ሰብስበው፣ ጉጠታቸውንና አንድ ጋን ውሃ አስመጡ። ወጣቶቹ ተንጋግተው ከበቧቸው።

"ይፍቱትና እንይ እማማ! ድርቡ የቱ ነው?" አለች ማንጠግቦሽ።

"ራቁ" አሉ እማማ ውዳለት። ሰውን ሁሉ አርቀው ጀርባቸውን ሰጡና፣ ጋኑን በጉልበታቸው መካከል አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በዳበሳ አንድ በአንድ እየፈቱ ባሩዱን ውሃው ውስጥ ደፉት። ሲጨርሱ ጥቁር ውሃና አምስት ባዶ ቀለህ ቀረ። ሕዝቡ አጉረመረመ። መሪጌታ እንኳን "እንዲያው ለማወቅ ያህል…" አሉ።

"ለምን ይጠቅማል?" አሉ እማማ ውዳለት። "ሁሉም ልክ ሆነው ቢገኙ ዘርጋው 'ምነው ዝም ባልኩ' ሊል ነው። ድርብ ቢገኝ 'ሰው አዳንኩ' እያለ እስኪሞት ሊያወራልን ነው፤ ወሬውን ደግሞ እናውቀዋለን። አንድ ነገር ስትጠረጥር መፍታት ልክ ነው፤ ውስጡ ምንም ይኑር ምን። ማወቅ ያለብህ ይህን ብቻ ነው። ሐሙስ ብትነግረኝ ትባል የነበረው 'ጎበዝ' ነው። ዓርብ ብትነግረኝ 'ይቅር' ነው። ዛሬ ስለነገርከን ግን ምን እንደምንልህ ጓንጉል ያውቃል።"

ጓንጉል ጀርባውን እንደሰጠ ነው።

ደንቡ ደንብ ነውና ሙክቱ ለመሪጌታ ሆነ፤ ካባው ለማንጠግቦሽ። ዘርጋው ራሱ ካባውን ከመጠቅለያው አውጥቶ፣ በግንድ ላይ ቆሞ፣ በዚያች ረዥም ልጅ ትከሻ ላይ ደረበላት። ወይ ጉድ! ካባው ወገቧ ላይ ቀረ። በስፋቱ ደግሞ ሌላ ሁለት ማንጠግቦሽ ያስገባል። ልጅቱ ወደ ታች አየች፣ ግራና ቀኙን በእጇ ሰብስባ ያዘች። ሕዝቡ ካባውን አየ። ቀጥሎ የዘርጋውን ሆድ አየ። እንደገና ካባውን አየ።

ማንም ከመሣቁ በፊት የጓንጉል ጀርባ ሲንቀጠቀጥ ታየ።

"ለበርሜል ነው ብዬ አልነበር!" ብሎ ዞረ፤ ካንዲቱ ዓይኑ እንባው ይወርዳል። ያኔ ሜዳው በሣቅ ተናጋ። እማማ ውዳለት ምርኩዛቸውን ጥለው ሆዳቸውን ያዙ። ዘርጋውም ግንዱ ላይ እንደቆመ መጀመሪያ አለቀሰ፤ ኋላ ሣቀ፤ መጨረሻ ላይ የቱን እንደሚያደርግ ራሱም አላወቀ።

ሣቅ ግን ይቅርታ አይደለም። ጓንጉል ለሦስት ሳምንት አጥሩ ዘንድ አልመጣም። ዘርጋው ካባውን ፈትቶ፣ ጎኑን አጥብቦ፣ ከታች ጨርቅ ቀጥሎ በማንጠግቦሽ ልክ እንደገና ሰፋላት። በአራተኛው ሳምንት በአጥሩ ላይ አንዲት ቅል ቅቤ ተቀምጣ አገኘ። ምንም መልእክት የላትም። ዘርጋውም የጓንጉልን የተቀደደ ኮት ሳይጠየቅ ጠቅሞ በአጥሩ ላይ ሰቀለለት። ከዚያ መነታረካቸው ቀጠለ፤ ሰፈሩም እፎይ አለ።

አንድ ነገር ግን ተለወጠ። ዘርጋው ባሩድ ገበታ ላይ ሲቀመጥ ከዕቃው መካከል ትልቅ የካፖርት ቁልፍ አንሥቶ በጥርሱ ይነክሳል። ስድስተኛው ቀለህ እስኪገጠም ቁልፉ ከጥርሱ አይወጣም። ጓንጉል በአጥሩ ላይ ቆሞ የፈለገውን ስድብ ቢያወርድበት "እም" እንኳ አይልም። መጀመሪያ ሰዉ ሣቀበት። ቀጥሎ መሪጌታ አንድ ቁልፍ ለመኑት። ከዚያ ማንጠግቦሽ ጠየቀች። ዓመቱ ሳያልቅ የማኅበሩ አባል ሁሉ ቁልፍ እየነከሰ ይሰፍር ጀመር።

የሚቀጥለው ዓመት ኢላማ ደረሰ። እማማ ውዳለት የዕጣውን ሰፌድ ይዘው ሊያዞሩ ሲሉ ጓንጉል ከመካከል ተነሣ።

"የኔን ዕጣ ተዉት" አለ። "የዘርጋውን ጥይት ስጡኝ።"

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ዘርጋው ራሱ ያልሰማ መስሎት ጆሮውን አቀና።

"ዕጣ እኮ ነው ደንቡ" አሉ መሪጌታ። "ደግሞ ከሰው ሁሉ የሱን? አምና ያየኸውን ረሳኸው?"

"እሱን ስላልረሳሁ ነው" አለ ጓንጉል። "ከእናንተ መካከል ባሩድ ሲሰፍር ሐሳቡ ተበትኖበት የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ።"

አንድም እጅ አልወጣም። መሪጌታ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

"ሁላችሁም ተሳስታችኋል፤ እኔም ተሳስቻለሁ" አለ ጓንጉል። "ቆሞ 'ተሳስቻለሁ' ያለኝ ግን እሱ ብቻ ነው፤ ያውም ካባው ትከሻው ላይ ሊወድቅ ሲል። ዘግይቶ ነው ያለኝ፤ ለሱ ሦስት ሳምንት ተቆጥቼ ጨርሻለሁ። እኔ ያለችኝ አንዲት ዓይን ናት። እሷንም አምኜ የምሰጣት ለሱ ጥይት ነው።"

እማማ ውዳለት ሰፌዱን አስቀመጡ። በቀይ ክር የታሰሩትን ስድስት ጥይቶች አንሥተው በጓንጉል መዳፍ ላይ አኖሩለት። ዘርጋው አፉን ከፍቶ አንድ ነገር ሊናገር ሞከረ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ አለቀበት።

በዚያን ቀን ጓንጉል አራት ቅል ሰበረ። ካባውን የለበሱት መሪጌታ ጥላዬ ናቸው፤ በትክክል ልካቸው ነበር። ዘርጋው ዛሬም ካባ አልለበሰም ይባላል። ሲጠይቁት ግን "እኔ የለበስኩትን እናንተ አላያችሁትም" ብሎ ይሥቃል። በዚያ ጋን ውሃ ውስጥ የሟሟው ባሩድ ነጠላ ይሁን ድርብ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። የእማማ ውዳለት እጅ ያውቅ ይሆናል፤ አፋቸው ግን አልተናገረም።

ሰው የሚታመነው ስለማይሳሳት አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው ቢፈለግ አይገኝም። የሚታመነው፣ የሠራውን ሲጠራጠር ሰውን ከሚጎዳ ስሙን መጉዳት የሚመርጥ ነው። አባቶች "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይላሉ። እየቸኮልን የታጠቅነውን ቆመን እንፍታው፤ በሌላው ላይ ከሚፈታ።

አንተም፣ አንቺም፣ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፦ አምና ይሁን ትናንት፣ እያወራችሁ ሰፍራችሁ አሽጋችሁ ያስረከባችሁት ነገር ይኖር ይሆን? ካለ፣ አሁን በማን ዓይን አጠገብ ነው ያለው?